ትንንሽ ልጆችን ቤት ውስጥ ማስተማር፦ ቀኑ እንዳይበተን ከዋዜማው ጀምሮ የሚደረገው

አሜሪካ ያሉ የእኛ ሰዎች ሆም ስኩል ሲጀምሩ የሚቸግራቸው መጽሐፍ መምረጥ አይደለም። ቀኑ ራሱ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል። አባት ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቷል። ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል። ወጡ ተጥዷል። የስድስት ዓመቱ ልጅ እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይሰለቸውና ይነሳል። መልሶ ማስቀመጥ ሌላ ትግል ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አንድ ነው፦ ትምህርት ቤትን እንዳለ ወስዶ ሳሎን ውስጥ ለመትከል መሞከር። አንዲት አስተማሪ ሃያ ልጅ ይዛ ቀኑን ሙሉ የምትለፋበትን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ጎን ለጎን የተቀመጠ ወላጅ ዋና ዋናውን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሥራችሁ ያችን አንድ ሰዓት ከማንኛውም ነገር መከላከል ነው። የቀረው ቀን በቤቱ ኑሮ ይሞላል።

መመሪያው ከ5 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

## ደረጃ 1፦ ወረቀቱን አስቀድሙ

ልጁ ትምህርት ቤት ከተመዘገበ ዝም ብላችሁ አታስቀሩት። ያለ ፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ጣጣውም ለእናንተ ይተርፋል። በጽሑፍ አስወጡት። የደብዳቤውን ቅጂ ያዙ።

ከዚያ የምትኖሩበትን ስቴት ሕግ አንብቡ። አንዱ ከሌላው በጣም ይለያል፦

- ሜሪላንድ፦ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው ታሳውቃላችሁ። ካውንቲው የሚከታተላችሁ ከሆነ 8 ትምህርቶች ይጠበቃሉ፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤና እና ስፖርት። የልጁን ሥራ በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊያዩ ይችላሉ።
- ቨርጂኒያ፦ ማሳወቂያው በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ይገባል። ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1። በትምህርት ዘመኑ ሴፕቴምበር 30 ላይ 6 ዓመት ያልሞላው ልጅ ማስረጃው አይጠየቅበትም።
- ጆርጂያ፦ በጀመራችሁ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 1 ታሳውቃላችሁ። ሕጉ 180 ቀን፣ በቀን 4 ሰዓት ተኩል ይላል። እዚያ ያላችሁ አንዱ ሰዓት ብቻውን ስለማይበቃ፣ ከሰዓት በኋላ የምታነቡትንና የምትሠሩትን ሳይንስ ጭምር በየቀኑ መዝግቡ።
- ቴክሳስ፦ የማሳወቂያ ግዴታ የለም። ንባብ፣ የፊደል አጻጻፍ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና መልካም ዜግነት ግን መማር አለባቸው።
- ዋሽንግተን ስቴት፦ ግዴታው የሚጀምረው ልጁ 8 ዓመት ሲሞላው ነው። ማሳወቂያው እስከ ሴፕቴምበር 15 ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲያትል (ዋሽንግተን ስቴት) ያለች እህታችሁ የምታደርገውን አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ላይ አትድገሙ። ከስቴት ወደ ስቴት ስትዛወሩም ከመጀመሪያው አጣሩ። ትክክለኛው መረጃ ያለው የስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ነው።

ጀርመን ያላችሁ ወላጆች ግን እንዳትሞክሩት። እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው። ስዊድንም የሚፈቀደው እጅግ በተለየ ምክንያት ብቻ ነው። እናንተ ደረጃ 6ን (የአማርኛ ፊደልን) ብቻ ወስዳችሁ ከትምህርት ቤት መልስ ተጠቀሙበት።

## ደረጃ 2፦ ለሦስት ቀን ምንም አታስተምሩ፣ ጻፉ ብቻ

አንድ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ለሦስት ቀን እነዚህን መዝግቡ፦

1. ልጆቹ የሚነሱበት ሰዓት።
2. ሕፃኑ የሚተኛበትና የሚነቃበት ሰዓት።
3. ከሥራ የሚገባው፣ የሚወጣውና ቀን የሚተኛው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት።
4. ቤቱ በራሱ ጊዜ ጸጥ የሚልበት ሰዓት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ወረቀቱን ሁለታችሁም ሆናችሁ እዩት። በየቀኑ የሚደጋገም 60 ደቂቃ ፈልጉ። የትምህርቱ ሰዓት እሱ ነው። ጠዋት መሆን የለበትም። እናት ነርሲንግ ሆም ሌሊት ሠርታ ጠዋት ከገባች፣ መጀመሪያ ትተኛ። ትምህርቱ ከቀኑ 2 ሰዓት ይጀመር። እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ማንበብ የሚያስተምረው በቁጣ ነው።

ሁለታችሁም የምታስተምሩ ከሆነ ትምህርቱን ተከፋፈሉት። ንባብ የአንዱ፣ ሒሳብ የሌላው ይሁን። አንዱን ትምህርት ዛሬ እናት ነገ አባት እየተቀባበሉ ሲያስተምሩት ልጁ በሁለት ዓይነት አሠራር መሃል ይጠፋል።

60 ደቂቃ ካጣችሁ፦ ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ፈልጉ። በመጀመሪያው ንባብ፣ በሁለተኛው ሒሳብና ጽሕፈት። ከዚህ በላይ አትቆራርጡት።

## ደረጃ 3፦ ማታ 15 ደቂቃ

ጠዋት እርሳስ የሚፈልግ ቤት ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ይደክማል።

1. አንድ ሳጥን አዘጋጁ። የነገው ብቻ ይግባበት፦ የንባብ መጽሐፍ፣ የሒሳብ ገጽ፣ ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ትንሽ ዋይትቦርድና ማርከር።
2. ነገ የሚነበበውን ገጽ አሁን ራሳችሁ አንብቡት። ገጹን በመያዣ ምልክት አድርጉ።
3. የነገውን ምሳ ወስኑ። የተሠራ ወጥ ካለ እሱን ከፍሪዘር አውጡ።
4. የልጆቹን ልብስ አውጥታችሁ አስቀምጡ።
5. ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጉና ተኙ።

ሦስተኛውን እንዳትዘሉት። በትምህርት ሰዓት ሽንኩርት አትጣዱ። ቁሌት ሰው ጎኑ እንዲቆም ይፈልጋል፤ ማንበብ የሚማር ልጅም እንደዚያው። ሁለቱን አንድ ላይ ከጀመራችሁ ወይ ሽንኩርቱ ያርራል ወይ ልጁ ይተዋል። ወጥ የሚሠራው ከትምህርቱ በኋላ ነው፣ ወይም እሁድ ለሳምንቱ ተሠርቶ ይከፋፈላል።

## ደረጃ 4፦ በመጀመሪያ ትንሹን

ዕቅድ ሁሉ የሚፈርሰው የሁለት ዓመቱ ልጅ ላይ ነው። ብዙ ወላጅ ትልቁን አስቀምጦ ይጀምርና ትንሹን በየደቂቃው «ቆይ» ይለዋል። ትንሹ ደግሞ ቆይ የሚባል ነገር አያውቅም። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

1. ትንሹን አብሉ፣ ዳይፐሩን ቀይሩ።
2. 15 ደቂቃ ሙሉ ለእሱ ስጡ። ስልክ በእጃችሁ አይኑር። ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ተጫወቱ፣ አንብቡለት። በደንብ የጠገበ ልጅ ብቻውን የመቆየት አቅሙ ይጨምራል።
3. በትምህርት ሰዓት ብቻ የሚከፈት ቅርጫት ስጡት። የፕላስቲክ ሳህኖች፣ ትልልቅ ኩቦች፣ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ይበቃሉ። ትምህርቱ ሲያልቅ ቅርጫቱን አንሱ። ቀኑን ሙሉ ሳሎን የተዘረገፈ መጫወቻ አያቆየውም።
4. ከትልቁ ጋር የግድ ዝም ብላችሁ የምትሠሩትን ነገር፣ ማለትም ንባቡን፣ ትንሹ በሚተኛበት ሰዓት አድርጉት።

አደጋ፦ ለመቁጠሪያ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቁልፍና ሳንቲም ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አታውጡ። ሊያንቀው ይችላል። በምትኩ ማንኪያ ወይም ትልልቅ ኩብ ቁጠሩ።

ትንሹ አሁንም ካለቀሰ፦ ትምህርቱን ወለል ላይ አውርዱት። እሱን ጭን ላይ፣ ትልቁን ጎን አድርጋችሁ ንባቡን ብቻ ጨርሱ። ጽሕፈቱ ለነገ ይለፍ። በተከታታይ ሳምንት እንዲህ ከሆነ ሰዓቱ አልሠራም ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

የሚተኛ አባት ወይም እናት ካለ፦ ጠረጴዛውን ከመኝታ ክፍሉ በጣም ርቆ ባለው ቦታ አድርጉ። ጮክ ተብሎ የሚነበበውንና የሚዘመረውን ወደ ከሰዓት ወይም ወደ ፓርኩ አዛውሩት። የተኛው ሰው በር ላይ አንድ ቀይ ወረቀት ስቀሉ። «ዝም በል» እያሉ ከመጮህ ይልቅ ልጁ ወረቀቱን አይቶ ራሱ እንዲያውቅ አስለምዱት።

## ደረጃ 5፦ አንዱ ሰዓት

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ካወቀ ክርክሩ ይቀንሳል።

### ሀ. መክፈቻ (5 ደቂቃ)

በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ይሁን። ጸሎት፣ አጭር መዝሙር ወይም የዛሬን ቀን ከነወሩ መናገር። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ።

### ለ. ንባብ (15 ደቂቃ)

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ቤታችሁ ውስጥ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው።

ብዙ ልጅ የሚቆመው የፊደላቱን ስም እንጂ ድምፁን ስላልተማረ ነው። «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብሎ የጠራ ልጅ ሲያገጣጥመው «ካት» አይወጣለትም። እኛ ደግሞ ጥሩ መሣሪያ አለን፤ ሳድስ። «ክ» በሉ፣ «ኣ» በሉ፣ «ት» በሉ። ከዚያ ሳታቋርጡ አያይዙት፦ ክኣት። ካት። «ቢ» ሳይሆን «ብ»፣ «ኤም» ሳይሆን «ም»።

1. ትናንት የተማረውን ድምፅ ይድገም።
2. አንድ አዲስ ድምፅ አሳዩት። አንድ ብቻ።
3. ድምፁ ያለባቸውን 5 ቃላት ዋይትቦርዱ ላይ ጻፉለት። ከሥራቸው ጣቱን እያስሄደ ያንብባቸው።
4. ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ያንብብ። ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑት። ሥዕል አይቶ የሚገምት ልጅ ያነበበ ይመስላል፤ ሥዕል የሌለው መጽሐፍ ሲመጣ ግን ይቆማል።

ሲሳሳት ወዲያው አትንገሩት። ጣታችሁን ፊደሉ ላይ አድርጉና ትንሽ ጠብቁ። ካልመጣለት ድምፁን ብቻ ስጡት፤ ቃሉን እሱ ይጨርሰው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገም።

«የእኔ አነጋገር ያበላሸዋል» ብላችሁ አትስጉ። አማርኛ የሌለውን፣ ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ የሚባለውን ድምፅ ከላይብረሪ በነጻ በሚገኝ በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ ያሰሙት። ሌላውን እናንተ ትችሉታላችሁ።

### ሐ. ዕረፍት (10 ደቂቃ)

ይዝለል፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሽንት ቤት ይሂድ። ስክሪን አይከፈት። ታብሌት አንዴ ከተከፈተ ልጁን ወደ ሒሳብ መመለስ የማይቻል ነው።

### መ. ሒሳብ (15 ደቂቃ)

ባለ 12 የእንቁላል መያዣ ውሰዱና ሁለቱን ጉድጓድ ቁረጡ። አሥር ቀዳዳ ቀረ። 7 ነገር አስገቡበት። «ስንት ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ 7 እና 3 አሥር እንደሚሆኑ በእጁ ከነካው በኋላ ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁሌም መጀመሪያ ዕቃ፣ ቀጥሎ ሥዕል፣ መጨረሻ ቁጥር።

ገጹን ሙሉ አታስጨርሱት። 6 ጥያቄ በትክክል ከሠራ ይበቃዋል።

ሰዓት ማንበብ ስታስተምሩ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ያዙ። የአሜሪካኑ በደንብ ከገባው በኋላ የእኛን በ6 ሰዓት ልዩነት አሳዩት። ሁለቱን አንድ ላይ የጀመረ ልጅ ግራ ይጋባል።

### ሠ. ጽሕፈት (10 ደቂቃ)

ሦስት ቆንጆ መስመር ይጻፍ። ከዚያ በጣም ጥሩ የሆነውን ቃል ራሱ ይክበብ።

### ረ. መዝጊያ (5 ደቂቃ)

ዕቃውን ራሱ ወደ ሳጥኑ ይመልስ። አለቀ። «ትንሽ እንጨምር» አትበሉ። ቶሎ ስለጨረሰ ሥራ የሚጨመርበት ልጅ ነገ ይጎትታል።

ሁለት የሚማሩ ልጆች ካሉ፦ ታናሹ ሲያነብ ታላቁ ይጽፋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሒሳቡን ግን አንድ በአንድ ያዙ።

## ደረጃ 6፦ ፊደል፣ ለብቻው

ፊደልን ከእንግሊዝኛ ንባብ ጋር አታያይዙት። ከሰዓት በኋላ፣ በሌላ ቦታ፣ 10 ደቂቃ ስጡት።

ሠላሳ ሦስቱን ዘር በሰባት አባዝቶ 231 ፊደል የያዘ ሰንጠረዥ ለአምስት ዓመት ልጅ አትዘርጉ። ዜማው ደስ ይላል፣ ይዘምረው። ማንበብ ግን በጥቂቱ ይጀመር።

1. ለ፣ በ እና ሰ ይቅደሙ። ቅርጻቸው ሥርዓቱን ይከተላል። ትንሿ ጭረት ካዕብ ላይ ጎን ላይ ትወጣለች፣ ሣልስ ላይ እግር ላይ ትወርዳለች፣ ኃምስ ላይ ቀለበት ትሆናለች።
2. ከእነዚህ ሦስት ዘሮች ብቻ ቃል ሥሩ፦ በላ፣ ልብ፣ ልብስ። በመጀመሪያው ሳምንት ቃል ያነበበ ልጅ ፊደል ለምን እንደሚማር ይገባዋል።
3. በሳምንት አንድ ዘር ጨምሩ። መ፣ ከ፣ ተ፣ ነ ይከተሉ።
4. እንደ ረ እና ፈ ያሉት ከሥርዓቱ ስለሚወጡ ቆየት ይበሉ።
5. ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ መጨረሻ ላይ ይምጡ። ድምፃቸውን ልጁ ቀድሞ ያውቀዋል፤ አዲሱ ቅርጻቸው ብቻ ነው።

አያት ከአገር ቤት መጥተው ከሆነ ይህን ሰዓት ለእሳቸው ስጧቸው። ሰንጠረዡን ማስጠናት ከእሳቸው የተሻለ የሚችል የለም። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ቋንቋውን በጆሮው እየያዘ ነው።

ልጁ በእንግሊዝኛ ብቻ ከመለሰ፦ አትቆጡት። ያለውን በአማርኛ መልሳችሁ ንገሩትና ቀጥሉ። ፊደል የቅጣት ሰዓት ከሆነ አማርኛውንም ይጠላዋል።

## ደረጃ 7፦ ስልክና እንግዳ

ቤት ስለዋላችሁ ሥራ የፈታችሁ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አስቀድማችሁ ንገሩ።

- አገር ቤት ላሉት፦ «እማዬ፣ ጠዋት ልጆቹን አስተምራለሁ። እኔ እደውልልሻለሁ።» በምሥራቁ ዳርቻ እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ በአገር ቤት አቆጣጠር በበጋችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሁሉም ቤት የገባበት ጊዜ ስለሆነ ለእነሱም ይመቻል።
- ቡና ለሚጠራችሁ ጎረቤት፦ «ከቀኑ 4 ሰዓት በኋላ እመጣለሁ» በሉና በእርግጥ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ ከልጅ ጋር ለምትውል እናት የቡናው ሰዓት የግድ ነው።
- ሳይናገር ለመጣ ዘመድ፦ አስገቡት፣ ሻይ ስጡት፣ ልጁ እንዲያነብለት አድርጉ። የዕለቱ ንባብ በዚያው ተጠናቀቀ።

## ደረጃ 8፦ አርብ መዝግቡ

10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ትልቅ ፎልደር፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ መለያ። በሳምንት ከየትምህርቱ አንድ ወረቀት ወይም ፎቶ፣ ቀን ተጽፎበት ይግባ። ልጁ እንጀራ ስትጋግሩ ውሃና ዱቄት ከለካ ፎቶ አንሱት፤ ሒሳብ ነው። ጥርስ ስለማጠብ ከተማረ ጤና ነው። ፓርክ ሄዶ ከሮጠ ስፖርት ነው። የላይብረሪውን የመጽሐፍ ዝርዝርም አትሙና አስገቡ።

ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ካውንቲው ፊት ብዙም አይጠቅማችሁም።

## ሲበላሽ

ልጁ አለቀሰ። ትምህርቱን አቁሙ እንጂ ቀኑን አትሰርዙ። የሚችለውን አንድ ቀላል ነገር ሠርቶ ይነሳ። ነገ ዛሬ በቆመበት ሳይሆን አንድ ገጽ ወደኋላ ተመልሳችሁ ጀምሩ።

እርሳስ መያዝ እምቢ አለ። እጁ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሳምንት በሊጥ፣ በመቀስና በክሬዮን እጁን አጠንክሩ። መልሱን በቃል ይናገር፣ እናንተ ጻፉለት።

ለወራት በየቀኑ ሠርታችሁ ንባቡ ካልተንቀሳቀሰ። ጊዜ አታባክኑ። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ ለሕፃናት ሐኪሙም ያያችሁትን በዝርዝር ንገሩት። «ሰነፍ ነው» የሚለውን ቃል ቤታችሁ አታስገቡ።

ድምፃችሁ ከፍ ማለት ከጀመረ። ተነሱ። ውሃ ጠጡ። መጽሐፉን እናንተ አንብቡለትና ለዛሬ ዝጉት።

ሕመም ገብቶ ወይም በዓል ሆኖ ሳምንት ካመለጠ። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት እጥፍ አትጫኑ። በመጀመሪያው ቀን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ ሌላ ምንም አትጨምሩ። በሁለተኛው ቀን የራሱን ንባብ መልሱ። በሦስተኛው ሒሳቡን፣ በአራተኛው ጽሕፈቱን። በአምስተኛው ቀን ሙሉው ሰዓት ወደ ቦታው ይገባል።